የአያቴን ውጅግራ ዕድሜ ያነበቡልኝ የደብረ ማርቆስ ጠጋኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ ጠብመንጃ እየፈቱ ዕድሜውን የሚያነቡ፣ ክፍሎቹም ከጥንት አብረው የነበሩ መሆን አለመሆናቸውን የሚመረምሩ አንድ አዛውንት ጠጋኝ አሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አልጽፈውም፤ ሥራቸውን ግን በ2013 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ከብቸና ይዤ በሄድሁት የአያቴ ውጅግራ ላይ ስላየሁት መልካሙንም ጉድለቱንም ለመናገር እደፍራለሁ።

ገና ከመቀመጤ የፈቃድ ወረቀቱን ጠየቁኝ። እሱን አይተው፣ ጠብመንጃው ባዶ መሆኑንም አረጋግጠው ማቀባበያውን አወጡና ብረቱን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ብቻ አበሱት። ሞረድም ብርጭቆ ወረቀትም አላነሡም። ይህን በአድናቆት የምናገረው ምክንያት አለኝ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ አንድ አናጢ «ላሳምረው» ብሎ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው፣ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች መሣሪያውን የተረከቡበትን ወርና ዓመት ያትሙበት የነበረውን ክብ ማኅተም አብሮ ፍቆታል። አዛውንቱ ቦታውን በጣታቸው ዳብሰው «የልደት ወረቀቱ እዚህ ላይ ነበር» አሉኝ።

ብረቱ ላይ ያለው ጽሕፈት ግን አልጠፋም። ውጅግራ የምንለው «ፉዚ ግራ» የተባለው የፈረንሳዮች የ1874 ሞዴል ሲሆን፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠብመንጃ ነው። በእኛው ላይ ሴንት ኤቲየን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም ተቀርጾበታል፤ ቀጥሎም ኤም 80 የሚል ምልክት አለው። ይህም በ1880 እ.ኤ.አ. በወጣው ማሻሻያ መሠረት፣ ቀለህ ቢቀደድ የባሩዱ ጋዝ የተኳሹን ፊት እንዳይመታ መውጫ ቦይ እንደተፈለፈለለት ያሳያል። በበርሜሉ ላይ የተመታው ዓመት 1877 ነው። ቤተሰባችን ይህንን ቁጥር በራሳችን አቆጣጠር እያነበበ «ከዐድዋ በዐሥራ አንድ ዓመት ይቀድማል» ሲል ኖሯል። ቁጥሩ የፈረንጅ መሆኑ ሲታሰብ ግን ወደ 1869 ወይም 1870 ዓ.ም. ስለሚመለስ፣ ጠብመንጃው ከ1888ቱ ዐድዋ ዐሥራ ስምንት ያህል ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ በዚህም አልረኩም፤ ፈረንሳዮች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ብዙ ውጅግራዎችን ለበል የተባለውን ጠብመንጃ ጥይት እንዲተኩሱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ስለለወጧቸው፣ የአፈሙዙን ስፋት ለክተው የጥንቱ 11 መሆኑን አረጋገጡ። ዐድዋ ላይ ነበረ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ሊኖር ይችላል፤ ብረቱ ግን አይመሰክርም» ብለው ዝም አሉ።

ክፍሎቹን የማመሳከሩ ሥራ ከዚህ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። በበርሜሉ ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር በማቀባበያው እጀታና በሰደፉ ላይም ተደግሞ ተገኘ፤ የማቀባበያው ራስ ግን የሌላ ጠብመንጃ ቁጥር ይዟል። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ቁጥሩን ሞርደው የእኛን እንዲመቱበት ለመንኋቸው። ከገበያ ደላሎች የሰማሁት ምክር ነበር። እሳቸው ግን የተሞረደ ብረት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዝቅ ብሎ እንደሚታወቅ፣ አዲስ ፊደል የተመታበትም ከንፈሩ እንደሚያብጥ አሳይተው እምቢ አሉኝ። ሳንጃውንም እንዲሁ ለዩት፦ በጀርባው ላይ የሴንት ኤቲየን ስምና 1876 ተጽፎበታል፣ የመያዣው ቁጥር ግን ከጠብመንጃው ጋር አይገናኝም። ከዓመቱ በፊት ያለው «8ብር» የሚመስለው ጽሕፈት፣ ዋጋ መስሎን ስንቀልድበት የኖርነው፣ ፈረንሳዮች ኦክቶበርን የሚያሳጥሩበት ነው።

የአጎቴ ልጅ ያመጣው ካርካኖ የተባለው የጣሊያን ጠብመንጃ ጉዳይ በአፍታ አለቀ። «ከዐድዋ የተማረከ» ይባል የነበረው ይህ ጠብመንጃ በበርሜሉ ላይ 1939፣ ከአጠገቡም በሮማ ቁጥር 17 ተመትቶበታል። ሁለተኛው ቁጥር ፋሺስቶች ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የቆጠሩት የራሳቸው ዘመን ነው። ለነገሩ ዐድዋ ላይ የተሰለፉት የጣሊያን ወታደሮች በአብዛኛው የታጠቁት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። የአጎቴ ልጅ ለጊዜው ቢከፋውም፣ በጎጃም በአርበኝነት ዘመን የተማረከ መሣሪያ የሚያሳፍር ስላልሆነ ሲመለስ ታሪኩን አስተካክሎ አወራው።

ስለ ጉድለታቸው ልናገር። በሳምንት ያደርሱልኛል ያሉትን በሦስተኛው ሳምንት ነው የሰጡኝ። ያገኙትን ሁሉ በቃል ስለሚናገሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መሄድ የደንበኛው ፈንታ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ እጄን ሄጄ ግማሹን ረስቼ ነበር። ሰደፉን የቀቡት ያልፈላ የተልባ ዘይት ለጥንታዊ እንጨት የሚስማማ ቢሆንም አብዝተውት ስለነበር ከዐሥር ቀን በላይ እጅ ላይ እየተጣበቀ አቧራ ሰብስቦብኛል። የወሰዱት 1,500 ብር ግን ለዚህ ሁሉ ድካም አይበዛም።

የማቀባበያውን ራስ እስካሁን አልለወጥሁትም። የሴንት ኤቲየን ሥራ የሆነና በዘመን የሚቀራረብ ከተገኘ እንደሚነግሩኝ፣ ያም ቢሆን ቁጥሩ የራሱ ሆኖ እንደሚቀር አስቀድመው አስታውቀውኛል።