ኤክስኤምዲኤስ 2፦ የቀዝቃዛ ጋዞች ቅይጥ በላፕቶፕ ላይ

ሁለት እጅግ የቀዘቀዙ ጋዞች ተቀላቅለው ይቆያሉ ወይስ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ? ሙከራው ሌዘርና ቫኪዩም ይጠይቃል፤ ስሌቱን ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ በላፕቶፑ ይሠራዋል። ኤክስኤምዲኤስ 2 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፦ የእጅግ ቀዝቃዛ ጋዝን እንቅስቃሴ እንደ ሞገድ የሚገልጸውን የግሮስ-ፒታየቭስኪን እኩልታ በኤክስኤምኤል (በምልክት በሚጻፍ የጽሑፍ ቅርጽ) ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ቀይሮ ያሰላዋል። ኡቡንቱ ላይ ጫኑት፤ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አትድከሙ።

ለመሞከር የየጋዙን ጥግግት፣ ክብደቱንና ለ2π የተካፈለውን የፕላንክ ቋሚ (ħ) 1 አድርጉ። እያንዳንዱ ጋዝ ከራሱ ጋር የሚገፋፋበት ኃይል 1፣ ሁለቱ እርስ በርስ የሚገፋፉበት 1.05 ይሁን። ከ1 ስላለፈ ቅይጡ መፍረስ አለበት። ብዙ ሰው ግን የሳጥኑን ርዝመት 10 አድርጎ ይጀምርና ምንም ሳይለያይ ሲቀር ፕሮግራሙን ያማል። አብሽሩ፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ማደግ የሚችለው ከ14 የሚረዝም ሞገድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ ስለሆነ ከራሱ የሚረዝም ሞገድ አያስገባም። ርዝመቱን 200፣ ስሌቱ የሚሠራባቸውን ነጥቦች 1024 አድርጉ። ፈጥኖ የሚያድገው ባለ 20ው ሞገድ ነውና ልክ አሥሩ ይገቡበታል።

መነሻው ፍጹም ወጥ ከሆነም ጉድ ነው፦ የኮምፒውተሩ የአሃዝ ማጠጋጋት ስህተት ብቻውን መለያየቱን እስኪያመጣ ከ700 የጊዜ አሃድ በላይ ይፈጃል። በአንዱ ጋዝ ላይ 0.001 ጨምሮ ከሌላው የሚቀንስ ባለ 20 ሞገድ ዝሩበት፤ 150 አካባቢ ላይ ክፍሎቹ ጎልተው ይታያሉ። መገፋፋቱን ወደ 1.01 ብታወርዱት ግን እድገቱ 5 እጥፍ ይዘገያል፣ ማደግ የሚችለውም ሞገድ ከ31 በላይ ብቻ ይሆናል። መለያየት የሚጀምርበት ድንበር (1) አጠገብ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፤ ይህ የፊዚክሱ ጠባይ እንጂ የላፕቶፑ ድክመት አይደለም።

ባለ አንድ አቅጣጫው ስሌት አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። በሁለት አቅጣጫ፣ በ512 በ512 ነጥብ ከሄዳችሁ በረካውም ያልፋል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ብሬክፖይንት የሚባለውን ትእዛዝ በየመካከሉ አስገቡ፤ የሞገዱን ሁኔታ ኤችዲኤፍ 5 በሚባል የመረጃ ፋይል ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ ከዚያው ትቀጥላላችሁ።

ቅሬታችን በምናባዊ ጊዜ (ጊዜውን በምናባዊ ቁጥር ተክቶ ጋዙን ደረጃ በደረጃ በሚያረጋጋው የስሌት ዘዴ) ዝቅተኛውን ጉልበት ስትፈልጉ ነው፦ የአቶሞቹን ቁጥር በየእርምጃው መልሶ የሚያስተካክለውን ፊልተር የሚባል አጭር የኮድ ክፍል ለየጋዙ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። አንዱን ከረሳችሁ ያ ጋዝ ይጠፋል ወይም ያብጣል። እኩልታውም ሙቀትን አያውቅም። ባርሴሎና ውስጥ የታዩትንና ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን የፖታሲየም 39 የኳንተም ጠብታዎች (ያለ መያዣ ራሳቸውን አንድ ላይ የሚይዙ የጋዝ ጠብታዎች) የፈለገ ደግሞ የኳንተም መዋዠቅን የሚያስገባውን የሊ-ሁዋንግ-ያንግን ተጨማሪ አባል እኩልታው ላይ በእጁ ይጻፍ፤ ደግነቱ አንድ መስመር ነው።