የጀልባ ጣሪያ ሽቦ፦ በካውያ መበየድ ወይስ ክሪምፕ?

የጀልባ ጠንካራ ጣሪያ ለየብስ ጉዞ ሲነሳ የተቆረጡ የመብራት ሽቦዎች፣ ጣሪያው ሲመለስ በሁለት መንገድ ይቀጠላሉ፦ በካውያ በመበየድ፣ ወይም ማያያዣን በሽቦው ጫፍ ላይ በፒንሳ በመጭመቅ (ክሪምፕ)።

በካውያ መበየድ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ችግሩ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ወደ ሽቦው ክሮች ሰርጎ ሽቦውን ግትር ማድረጉ ነው፤ ሞተሩና ማዕበሉ ሲያርገበግቡት ልክ ሊዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ክሪምፕ ይሻላል፣ በትክክል ከተሠራ። ቆርቆሮ የተቀባ፣ ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ ይሁን። ለ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ሲሞቅ የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ሽፋን ያለውን ሰማያዊ ማያያዣ ውሰዱ፤ ጫፉን 8 ሚሊሜትር ያህል ላጡ፣ በክሪምፕ ፒንሳ ጭመቁ፣ ጎትታችሁ ፈትኑ። ከዚያ ሽፋኑን ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ብቅ እስኪል አሙቁት። ሙጫው ካልታየ ጨዋማ ውሃ ይገባና መዳቡ ይጠቁራል።

የቪኤችኤፍ ሬዲዮ አንቴና ኬብል ግን እንደ ተራ ሽቦ አይቀጠልም፤ ፒኤል-259 ማገናኛ ይፈልጋል። የራዳር ኬብል ደግሞ ከሶኬቱ ይነቀላል እንጂ ጭራሽ አይቆረጥም።