ቅቤ አልሸጥልሽም ላሉኝ እናት

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ባልትና የሚያዘጋጁ እናት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ «ደንበኛ ሲበዛ እጅ ያጥራል» ነው ምክንያታቸው። ስለዚህ እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

አምና ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ጀርመን ነበርኩ። የሠራሁት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እዚያ አገር ነገሩ በሕግ የተደራጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርና ሲቆም፣ በውትድርናው ፋንታ በየሆስፒታሉና በየመጦሪያው የሚያገለግሉት ወጣቶችም አብረው ቀሩ። ክፍተቱን እንዲሞላ የመጣው ይህ የፈቃደኞች አገልግሎት ነው። ደመወዝ የለውም። የኪስ ገንዘብ፣ ኢንሹራንስና በዓመት 25 ቀን ሥልጠና አለው። እኔ ማደሪያም አግኝቻለሁ።

ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ዝርዝር ጽፌ እትዬ ጋ ሄድኩ። 5 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ በርበሬ፣ 3 ኪሎ በሶ፣ 2 ኪሎ የተነጠረ ቅቤ። ወረቀቱን አዩና እስክሪብቶ ተቀብለውኝ የመጨረሻውን ሰረዙት።

«ቅቤ አልሸጥልሽም።»

«እትዬ፣ ብር ይዣለሁ እኮ።»

«ብርሽን ማን ጠየቀሽ? ኤርፖርት ያስጥሉሻል።»

እውነታቸውን ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። እትዬ ይህን የትም አላነበቡትም። አንዲት ደንበኛቸው ቅቤዋን አስጥለዋት አልቅሳ ደውላ ነው ያወቁት። ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛ ቅቤ አይሸጡም። ከዝርዝሬ ውስጥ ውዱን ዕቃ ነው የሰረዙት፣ በራሳቸው ኪሳራ። ያን ቀን ግን ይህ አልታየኝም። ቅር ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ቤት ልገዛም አስቤ ነበር።

ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ እያንዳንዱ በድርብ ፌስታል ታስሮ፣ አፉ በፕላስተር ተጠምጥሞ ጠበቀኝ። ላዩ ላይ ልጃቸው ምን እንደሆነ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋበታለች፣ ፈታሹ እንዲያነበው። እዚያ የተዋወቅኳት ሌላ አበሻ ፈቃደኛ ከሌላ ቦታ የገዛችው በርበሬ ሻንጣዋ ውስጥ ፈሶ ነጭ ሸሚዟ ሁሉ ቀይ ሆኖ ነበር። የኔ ከነፕላስተሩ ደረሰ።

ልወጣ ስል አንድ ትንሽ ጥቅል ወረወሩልኝ። ከጣርማበር በኩል የመጣ ጦስኝ። «ይሄ ምርቃት ነው፣ ሒሳብ የለውም» አሉ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ይፈራል? 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አድጌ የጀርመን ክረምት ምን ያመጣል ብዬ ነበር። ብርዱ በእርግጥም ምንም አላለኝ። እኛ ጋ ብርዱ ቤት ውስጥ ነው፤ እነሱ ጋ በሩን ስትዘጋው ውጭ ይቀራል። ያቃተኝ ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ በኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ትገባለች። ከዚያ ሌሊቱ አያልቅም።

ሰዓታቸውም ጉድ አድርጎኛል። በሁለተኛው ሳምንት «ሃልብ አኽት» ነይ ተባልኩ። ቃል በቃል ግማሽ ስምንት ማለት ነው። እኔ ስምንት ተኩል ብዬ ተረጎምኩ፣ በኛ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለካ ወደ ስምንት ግማሽ መንገድ ማለታቸው ነው፤ ሰባት ተኩል። አንድ ሙሉ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። ኃላፊዋ አልጮኸችም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አሳየችኝ። ማታ ለእትዬ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላክሁና አለቀስኩ። የላኩልኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ሰዓቱን ትማሪዋለሽ። ቁርስ በልተሽ ነው የሄድሽው?»

አልበላሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ለማለዳ ፈረቃ ስነሳ በሶ በማር በጥብጬ ጠጥቼ መውጣት ልማዴ ሆነ።

እናቴ ቤት እንቁላል እንኳ ጠብሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን ምርጫ አልነበረኝም፤ የእነሱ እራት ዳቦ፣ አይብና የቀዘቀዘ ሥጋ ነው። ሽሮ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ጓጎለ። ፎቶውን ስልክላቸው እትዬ በሳቅ ሊሞቱ። «ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደንብ አቁላይ። ውሃው ይፍላ። ሽሮውን በአንድ እጅሽ በተን በተን፣ በሌላው አማስይ። አትቸኩይ።» አራተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ። በኛ ገና ስድስት ሰው ጋብዣለሁ፣ ያለ ቅቤ!

አሁን ወደ ምርቃቱ። እኔ ካለሁበት ፎቅ አንዲት የ91 ዓመት እናት ነበሩ። ብዙ አያወሩም። ጀርመንኛ ለታላቅ ሰው እንደኛ «እርስዎ» አለው፣ «ዚ» ይባላል። ከሁለት ወር በኋላ ሴትዮዋ «ዱ በይኝ» አሉኝ፣ አንቺ በይኝ ማለታቸው ነው። አፌ እምቢ አለ። ሸዋ ያደገ ሰው እንዴት አድርጎ! እስከ መጨረሻው «ዚ» እንዳልኳቸው ነው የተለየኋቸው።

የካቲት ላይ ሳል ያዛቸው። ከቤት የመጣ ነገር ለነዋሪ ማጠጣት አይፈቀድልኝም። ጥቅሉን ከፍቼ አፍንጫቸው ሥር ብቻ ያዝኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቲሚያን» አሉ፣ ጦስኝ ማለት ነው። ልጅ እያሉ እናታቸው ለሳል በማር ያፈሉላቸው ነበር። እኛም ጋ እንደዚሁ ነው አልኳቸው በተሰባበረ ጀርመንኛዬ። ያን ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል አወሩኝ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በፊት ዝም ማለት ሲመጣ ስልኬን ነበር የማወጣው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ ሰላምታ ሳይሉ በፊት እጃቸውን ይዘረጉ ነበር፣ ጥቅሉን አምጪ ነው።

ስመለስ ለእትዬ የጀርመን ጦስኝ አንድ ፓኬት አመጣሁ። አሸተቱት። «ደከም ያለ ነው» ብለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት።

ለመግዛት የምታስቡ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሯቸው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ወረፋ አለ። እሑድና የማርያም ቀን አይሠሩም፤ ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ እሱ ጉድለታቸው ነው። በሶው አዲስ ገብስ ሲገባ ከተዘጋጀ ይበልጥ ይጣፍጣል። መንገደኛ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አስተሳሰሩ ይለያል። ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልካለሁ።

ለቤታችሁ ከሆነ ቅቤም አላቸው። ሻንጣ እየጎተታችሁ ከመጣችሁ ግን አትድከሙ።