አንድ የጎንደር የደረት ክሊኒክ፦ ለሐኪሙ 5፣ ለካርድ ክፍሉ 2

ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ። ግን "ለደረት የት ልሂድ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ የሆነውን ልጻፍ።

አጎቴ 68 ዓመቱ ነው፣ አዘዞ ነው የሚኖረው። ከጥር ጀምሮ ያስለው ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ብርድ ነው አለ። ዝንጅብል ተሞከረ፣ ጤና አዳም ተሞከረ፣ ከዚያ ፀበል። ዳገት ሲወጣ ቁና ቁና መተንፈስ ሲጀምር ራጅ አስነሣነው፣ ቀኝ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ተባለ። ቀጥሎ ሲቲ ስካን። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል አለች፣ ሜሶቴሊዮማ የምትል፣ ከጎኗ የጥያቄ ምልክት። ያን ሌሊት ስልኬን እንደያዝኩ ነጋ። ጠዋት ላይ እኔ ፕሮፌሰር ሆኜ ነበር፣ አጎቴን ደግሞ በልቤ ቀብሬዋለሁ።

መጀመሪያ ወቀሳው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደርሰን ሐኪሙ ጋ የገባነው 7 ሰዓት ነው። ቁጥራችን 9 ነበር፤ ከኛ በኋላ የመጡት እየተጠሩ ሲገቡ የካርድ ክፍሏን ልጅ ብጠይቅ "ቀጠሮ ያላቸው ናቸው" አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። ቀጠሮ በስልክ እንደሚያዝ የሚል አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጥፉ ምን ነበረበት? ውሃውን መቅጃው ለብቻው እንደሚከፈልም ያወቅኩት አጎቴ ሸሚዙን ካወለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ወይ ትከፍላለህ ወይ ታለብሰዋለህ።

ሐኪሙ ግን ሌላ ነው። ልጅ እግር ነው። ፊልሙን ወደ ጎን አድርጎ "አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" አለ።

"መካኒክ ነበርኩ ልጄ፣ 30 ዓመት።"

"ፍሬን ይሠሩ ነበር?"

አጎቴ ፊቱ በራ። እስከዚያች ቀን ስለ ጋራዡ የጠየቀው ሐኪም አልነበረም። የጭነት መኪና ጎማ ፈትቶ፣ አሮጌውን የፍሬን ሸራ አውጥቶ፣ አቧራውን በኮምፕሬሰር ሲነፋው ሰው ከሰው እንደማይተያይ በእጁ ጭምር እያሳየ ነገረው። ሐኪሙ ጻፈ። የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ ሙቀት የሚችል የማዕድን ቃጫ ነበር። ከዚያ ሲጋራ ጠየቀው። በቀን አንድ ፓኮ፣ ካቆመ 10 ዓመት።

እኔ አላስቻለኝም። "ዶክተር፣ ሜሶቴሊዮማ ማለት ያው የሳንባ ካንሰር አይደል?" አልኩ።

የመድኃኒት ማዘዣውን ገልብጦ ሳለልኝ። ሳንባው ሰውየው ነው በለው፣ አለ፤ ሽፋኑ ደግሞ ሰውየው የለበሰው ድርብ ኩታ። የሳንባ ካንሰር የሚነሣው ከሰውየው ነው፣ ከአየር ቱቦዎቹና ከሳንባው ሥጋ። ሜሶቴሊዮማ የሚነሣው ከኩታው። (አልፎ አልፎ ከሆድ ዕቃ ሽፋንም ይነሣል።) የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እንደ እብጠት አንድ ቦታ ላይ ይቋጠራል፤ ሁለተኛው ኩታ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሽፋኑን ይዞ ይሰፋል፣ ሳንባውን ዙሪያውን ያንቀዋል፣ በሁለቱ እጥፋት መካከልም ውሃ ይሞላል።

ምክንያታቸውም ይለያያል። ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው የአስቤስቶስ ልጅ ነው፤ ብናኙ ከተሳበ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ነው የሚወጣው። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማ አያመጣም። ለሳንባ ካንሰር ግን ዋናው ሲጋራ ነው፣ አስቤስቶስም ያመጣዋል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው በጣም ያይላል። እኔ በሌሊቱ ምርምሬ ያመለጠኝ ይሄ ነው። አጎቴ ጋራዥ ሠርቷልና ሜሶቴሊዮማ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ለካ ጋራዡ ወደ ሁለቱም ይወስዳል። "ደግሞ ቲቢም እንዲህ ውሃ ያስቋጥራል፣ እሱን ሳላይ ስም አልሰጥም" አለና አፌን አስያዘኝ።

ከጀርባው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀላ ያለ ውሃ ቀዳለት። አጎቴ እዚያው ወንበር ላይ ረጅም አየር ሳበ፣ ከወራት በኋላ። ለሜሶቴሊዮማ ውሃው ብቻውን ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም ብሎ ከሽፋኑም በመርፌ ቁራጭ ወሰደ። ሁለቱ ካንሰሮች በማይክሮስኮፕ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ በልዩ ቀለም ነው የሚለዩት፤ ለዚያ ደግሞ ናሙናው አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ወሳጁ ማን ሆነ? እኔ! ፎርማሊን ውስጥ የተነከረች ክር የምታህል ሥጋ በጠርሙስ፣ ጠርሙሱ በፌስታል፣ ፌስታሉ ጭኔ ላይ፣ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ። ይህን ያህል እያስከፈሉ አንድ መልእክተኛ አለመቅጠራቸው ያሳፍራል።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቲቢ የለም። ሜሶቴሊዮማም አይደለም። አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ነው፣ ከሳንባው ተነሥቶ ሽፋኑ ላይ የደረሰ። ሐኪሙ አልሸፋፈነም፤ ሽፋኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ቆርጦ ማውጣት መፍትሔ አይሆንም አለ። ግን ስሙ መታወቁ ለሕክምናው ልዩነት አለው፤ ለሁለቱ የሚሰጠው ኬሞ ሁሌ አንድ አይደለም፣ ለዚህኛው ደግሞ የጂን ምርመራ ተደርጎ የሚስማማው የጂን ለውጥ ከተገኘ በእንክብል የሚታከም አለ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ጻፈልን፣ አጎቴም ሁለተኛውን ኬሞ ወስዷል።

ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ዋጋውን እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ። የሲቲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ያዙ። በሽተኛው ከወጣትነቱ ጀምሮ የሠራውን ሥራ ሁሉ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ይሄኛው ሐኪም ይጠይቃል፣ ሌላው ላይጠይቅ ይችላል።

ኩታው የተሳለበት ወረቀት አጎቴ ኪስ ውስጥ ነው። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ እያወጣ "የታመመው ባለቤቱ ነው እንጂ ኩታው አይደለም" ይላል። ኩታውም ደርሶበታል፣ ግን አላርመውም። ቀና ብሎ ሲያየኝ "ፕሮፌሰር" ነው የሚለኝ።