የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያዎችን ለማስተማር፦ አጭር ጽሑፍ ወይስ ሥዕል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 27 ማሻሻያዎች አሉት። ብዙ ተማሪ ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ይረሳቸዋል። መላው ሁለት ነው፦ እያንዳንዱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ፣ ወይም ማሳል። የቱ ይሻላል?

ጊዜ፦ ጽሑፍ ቶሎ ያልቃል። ሥዕል ቀለም ከገባበት ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል፤ እርሳስ ብቻ ይበቃል።

ማስታወስ፦ እዚህ ሥዕል ይበልጣል። 3ኛው ማሻሻያ በሰላም ጊዜ ወታደር ያለባለቤቱ ፈቃድ ሰው ቤት እንዳይሰፍር ይከለክላል። ደጃፍ ላይ የቆመ ወታደርና እጇን ዘርግታ የከለከለችው ባለቤት ከተሳሉ በቃ፣ አይረሳም።

የመሳሳት ስጋት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ስለጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ሳሉ ሲባሉ፣ ልጆች የተበጠሰ ሰንሰለት ይስላሉ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። አንቀጹ ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ሲከለክል፣ በወንጀል ለተፈረደበት ሰው በቅጣትነት ሲሆን ግን ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ይህን ሰንሰለቱ አያሳይም። «በቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚሉ ጥቂት ቃላት ግን ይይዙታል። 9ኛውማ፣ ያልተዘረዘሩ መብቶችም የሕዝቡ ናቸው የሚለው፣ ምን ተብሎ ይሳላል?

ለታናናሽ ክፍሎችና የትምህርቱን ቋንቋ ገና እየለመዱ ላሉ ልጆች ሥዕል ይቅደም። ለክርክር ወይም ለድርሰት ለሚዘጋጁት ጽሑፍ ይሻላል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ካለ መጀመሪያ ይጻፉ፣ ቀጥሎ ይሳሉ፤ ሥዕሉ ውስጥ ያልገባው ቃል የትኛው እንደሆነም ራሳቸው ይፈልጉት።