የፓምፕ ሞተር ሲታደስ፦ ኦርጅናል ዕቃ ወይስ ኮፒ?

በመቂና በባቱ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ወዳጆቼ የፓምፓቸው ሞተር ጭስ ማብዛት በጀመረ ቁጥር ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ኦርጅናሉ ዕቃ እንዲህ ተወዶ ሳለ ኮፒው አይበቃም ወይ? እኔ ለፒስተን፣ ለፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ለሚገባው ቀለበት) እና ለቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ፣ ማለትም ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር ለሚያያዘው ክንድ) ኦርጅናል ይገዛ ባይ ነኝ። ይህን የምለው ስለ ሆንዳ ጂኤክስ 160 እና ጂኤክስ 200 የቤንዚን ሞተሮች ሲሆን፣ ምክንያቴም ከኪሴ የወጣ ገንዘብ ነው።

የጂኤክስ 160 ሞተሬን መጀመሪያ ያወረድኩ ጊዜ የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚሊሜትር መሆኑን ብቻ ይዤ ወደ ገበያ ሄድኩ። ሻጩም «68 ከሆነ ይህ ይገባል» ብሎ አንድ ኮፒ ፒስተን ሰጠኝ፤ እንዳለውም ገባ። ነገር ግን ሞተሩ ተገጥሞ ሲሳብ እመቃ አልነበረውም፤ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) መልሰን ስናነሣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ እንኳ ከሲሊንደሩ አፍ በታች ቀርቶ አገኘነው። የተሸጠልኝ የጂኤክስ 200 ፒስተን ነበር። ሁለቱም ሞተሮች ስፋታቸው 68 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያቸው ምታቸው፣ ማለትም ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት ነው፤ የ160ው 45 ሚሊሜትር፣ የ200ው ደግሞ 54 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህም በፒስተኑ ላይ ፒኑ (ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው) የሚያልፍበት ከፍታ ይለያያል። ዕቃው ቅባት ነክቶታል ተብሎ አልተመለሰልኝም።

ከዚያ ወዲህ በአየር ማጣሪያው ሽፋን ላይ የተለጠፈውን 5.5 ወይም 6.5 የሚል የፈረስ ጉልበት ቁጥር አላምንም፤ ሽፋን ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ይዛወራልና። የሚታመነው በብሎኩ ላይ የተቀረጸው ነው፤ እሱም ተፍቆ ከሆነ ቴስታታው ወርዶ ፒስተኑ ታች ሲደርስና ላይ ሲደርስ ያለውን ጥልቀት በካሊብሮ መለካት ነው፤ ልዩነቱ 45 ወይም 54 ይሆናል። ቀጥሎ የሲሊንደሩ ስፋት ይለካል። አዲሱ ከ68.000 እስከ 68.015 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከ68.165 ካለፈ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ (እንዲሰፋ ተደርጎ) 0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ከነልኩ ፋሻ መግባት አለበት። ወደ መርካቶ ከመውረድ በፊት ይህ ልኬት በወረቀት ይያዝ፤ አሮጌው ዕቃም አብሮ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋጋው። ይህን ስጽፍ ጠይቄ ያገኘሁት ለጂኤክስ 160 እንዲህ ነበር። ኦርጅናል ፒስተን 4,200 ብር፣ ፋሻ 3,100፣ ቢየላ 4,800፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) 1,900፤ ድምሩ 14,000 ብር። ኮፒው ፒስተን ከነፋሻው 1,300፣ ቢየላ 900፣ ጓርኒሲዮን 400፤ ድምሩ 2,600 ብር። የመካኒክ እጅ 2,500፣ ማስቦርቦር 1,800 ነበር። እኔ በዚሁ ዋጋ ሲሰላ በተሳሳተው ፒስተን 1,300፣ በትክክለኛው ኮፒ 2,600፣ ሁለት ጊዜ ለመካኒክ 5,000፣ በጠቅላላው 8,900 ብር አውጥቼ ያገኘሁት አንድ የመስኖ ወቅት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከነመካኒኩና ከነማስቦርቦሩ በ18,300 ብር ኦርጅናል አስገባሁ፤ ሦስተኛ ወቅቱን ሲጨርስ ጭስ አልታየበትም። በየወቅቱ ኮፒ ማስገባት ከነመካኒኩ በአንድ ጊዜ 5,100 ብር ስለሆነ እስከ ሦስተኛው ወቅት ርካሽ ይመስላል፤ በአራተኛው ግን 20,400 ብር ይደርሳል። ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት ሞተሩ ተፈትቶ መቀመጡ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ኮፒው የሚያጠፋው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ፋሻው ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ብቻውን ገብቶ ሲለካ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ እኔ ከገዛሁት ውስጥ 0.7 የሆነ አግኝቻለሁ። ሁለተኛውና አደገኛው ቢየላው ነው። ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም፤ ዘይቱን እየረጨ የሚያዳርሰው በቢየላው ቆብ ላይ ያለችው ትንሽ ማንኪያ ናት፤ ቢየላውም ያለ ኩሽኔታ በቀጥታ በክራንኩ ላይ ይዞራል። ማንኪያዋ አጭር ወይም ጠማማ ከሆነች ክራንኩ ይደርቃል፤ ቢየላው ይሰበራል፤ ብሎኩንም ይበሳል። ያን ጊዜ 3,900 ብር ለማትረፍ ተብሎ ሞተሩ በሙሉ ይጠፋል።

ከኮፒው የሚብሰው ኮፒ ሆኖ በኦርጅናል ዋጋ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። ካርቶኑ የሆንዳ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ እኔ ከአሮጌው ኦርጅናል ጎን አስቀምጬ የፒኑን ቀዳዳ ጥራት፣ የማንኪያዋን ርዝመትና የቀረጻውን ጠርዝ አያለሁ። ሻጩ ይህን እንዳደርግ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ።

የገመድ ማስነሻ፣ የነዳጅ ጋን፣ የጭስ ማውጫ ሽፋን ኮፒ ቢሆኑ ጉዳት የላቸውም። የአየር ማጣሪያው ግን ጥሩ ይሁን፤ በእኛ አገር አቧራ ሲሊንደርን የሚበላው ከሁሉ በፊት በእሱ በኩል የሚገባው ነው።

ሞተራችሁ ራሱ 168ኤፍ የሚል የቻይና ሥሪት ከሆነ ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ 1 የሲሊንደሩን ብዛት፣ 68 ስፋቱን፣ ኤፍ በአየር መቀዝቀዙን ይናገራል እንጂ ስለ ምቱ ምንም አይልም፤ ስለዚህ እሱም ይለካ። አዲሱ ሞተር በ16,000 ብር በሚገኝበት ጊዜ ግን 14,000 ብር የሚያወጣ የሆንዳ ዕቃ ለእሱ አልገዛም፤ ቢየላው ደህና ከሆነ በተለካ ኮፒ ፒስተንና ፋሻ አንድ ወቅት አሠራዋለሁ፤ ቢየላው ካረጀ አዲስ ሞተር እገዛለሁ።