ደብረ ማርቆስ ላይ ያስደረግሁት የ12 ሳምንት አልትራሳውንድ

ለገና አገር ቤት የገባሁት እርጉዝ ሆኜ ነው። ከጽንሱ አንገት ጀርባ ያለውን ፈሳሽ ለክቶ የዳውን ሲንድሮምን ስጋት የሚገምተው ምርመራ ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ብቻ ይሠራል። ከጥምቀት በኋላ ስዊድን ስመለስ ጊዜው ያልፍብኛል። ዕድሜዬም 37 ነው፤ ስለዚህ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ።

ነገሩ የተበላሸው ካርድ ክፍል ነው። የመጨረሻ የወር አበባዬን ቀን ስጠየቅ «ጥቅምት 5» አልሁ፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነበር። በእኛው መስከረም 25 መሆኑ ነው። ጸሐፊዋ የሰማችውን ጻፈች፤ በዚህች የአፍ ወለምታ 12 ሳምንት ከ5 ቀን የሆነው ጽንስ ወረቀቱ ላይ አሥር ቀን አነሰ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን ከውጭ የመጣችን ሴት «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ሐኪሙ ግን ወርቅ ነው። ጽንሱን ከራሱ እስከ መቀመጫው ለካውና 63 ሚሊ ሜትር ሲያገኝ «እህቴ፣ ይህ ልጅ ከካርዱ ቀድሟል» ብሎ ስህተቱን ያዘው። ልጁ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል፤ እንዲህ ሆኖ ቢለካ ፈሳሹ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። «ተነሺ፣ ኮሪደሩ ላይ ተንሸራሸሪ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። በሦስተኛው ልጁ ቀና ብሎ ተገኘ። ደጋግሞ ለክቶ ትልቁን መዘገበ፦ 1.6 ሚሊ ሜትር። የአፍንጫውንም አጥንት አሳየኝ። እናቴ ከጎኔ ሆና የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ «ወንድ ነው ሴት?» በዚህ ዕድሜ በእርግጠኝነት አይለይም አላት፤ አላመነችውም።

ማጋነን አልወደደም። ይህ ግምት እንጂ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ ከደም ምርመራ ጋር ሲጣመር ከዳውን ሲንድሮም ጽንሶች 90 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ የደሙን ግን እኛ አንሠራም፣ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

የተሰጠኝ ወረቀት «ጽንሱ ደህና ነው» ከማለት በቀር አንድ ቁጥር የለበትም። ስዊድን ያለችው አዋላጅ ስጋቱን የምታሰላው ከዕድሜዬና ከእነዚያ ልኬቶች ነው። ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ። ጸሐፊዋ ፊቷን አጠቆረች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሁለቱንም ልኬቶች በእጁ ጻፈልኝ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።